ስስ አየርና ጸጥተኛ ማሽን፦ በአዲስ አበባ ከፍታ ለቺፕሴትና ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ማቀዝቀዣ አመራረጥ

በስድስት ኪሎ ግቢ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ።



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት አነስተኛ ሊመስል ይችላል። የቤት ኮምፒውተር ማራገቢያ መጮኹ የሊቃውንትን ጉባኤ የሚያስጠራ ጉዳይ ነውን? ነው ብዬ ነው የመጣሁት። ምክንያቱም በዚህ ግቢ ካሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብዙዎቹ የምርምር ሥራቸውን የሚሠሩት በቤተ ሙከራ ሳይሆን በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት፣ ሌላ ሰው አጠገባቸው ተኝቶ ነው። ማሽኑ ለስምንት ወይም ለዐሥር ሰዓት ያለማቋረጥ ይሠራል። ጩኸቱን ለማብረድ የሚወሰደው እርምጃ ደግሞ ካልታሰበበት የግራፊክስ ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል። አንድ ካርድ ለተማሪ የብዙ ወራት ወጪ ነውና ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከቋንቋችን ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ አማርኛን ለኮምፒውተር ለማስተማር የሚደክሙ ወጣቶች በየቤታቸው ድምፅ ይቀዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሎሞን ተፈራ አባተና በባልደረቦቹ የቀረበው የአማርኛ የንግግር ስብስብ ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ንባብ የያዘ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ሰፍቷል፤ ቀረጻውም ከስቱዲዮ ወጥቶ ወደ መኝታ ቤት ገብቷል። እዚያ ማይክሮፎኑ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ያፏጫል። «ከበረ» እና «ቀበረ» የሚሉትን ሁለት ግሦች አስቡ። በጆሮ የምንለያቸው በመጀመሪያው ድምፅ ነው። «ከ» ስትወጣ ከፍንዳታው በኋላ ትንሽ የትንፋሽ ሽውታ ትከተላለች፤ «ቀ» ስትወጣ ግን ጉሮሮ ዝግ ስለሆነ በፍንዳታውና በአናባቢው መካከል አጭር ዝምታ ይኖራል። የማራገቢያ ሽውታ ያን ዝምታ ይሞላዋል። ከትንፋሽ ጋር የሚመሳሰል ድምፅ፣ ትንፋሽ ሊኖር በማይገባበት ቦታ ይገባል ማለት ነው። ጠ፣ ጨ፣ ጸና ጰም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ንግግር ላይ «ብዙም አይጎዳም» የተባለ ጫጫታ አማርኛን ይበልጥ ይጎዳል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ አየሩ ልግባ፤ የዛሬው ንግግር ልብ እዚህ ላይ ነውና።

ማቀዝቀዣ የሚሠሩ ኩባንያዎችም ሆኑ ማቀዝቀዣ የሚፈትኑ ጋዜጠኞች በአብዛኛው የሚኖሩት ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይሉ ከተሞች ነው። ታይፔ፣ ሴኡል፣ ሃምቡርግ። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ተቀምጠናል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን እዚህ 76 ገደማ ነው። በዚህም የተነሣ፣ የሙቀቱ መጠን እኩል 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን እንኳ፣ በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን እዚህ 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ሩብ ያህሉ ጠፍቷል። ጃን ሜዳ ላይ የሚሮጥ እንግዳ በሳንባው የሚያውቀውን ይህን እውነት የግራፊክስ ካርዱ በብረቱ ያውቀዋል።

ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም። በደቂቃ 1,000 ጊዜ የሚዞር ማራገቢያ በጅቡቲ የሚገፋውን ሜትር ኪዩብ ያህል በስድስት ኪሎም ይገፋል። ሙቀትን የሚሸከመው ግን ይዘቱ ሳይሆን የአየሩ መጠነ ቁስ ነው። በምሳሌ ላሳይ። 150 ዋት የሚያመነጭ ካርድ አለን እንበል፤ በኬዙ ውስጥ የሚያልፈው አየር ከ15 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ እንፈልጋለን። በባሕር ወለል ለዚህ በሰዓት 30 ሜትር ኪዩብ ገደማ አየር ይበቃል። በአዲስ አበባ 40 ያስፈልጋል። አንድ ሦስተኛ ጭማሪ መሆኑ ነው።

ይህን ጭማሪ ማራገቢያውን በማፍጠን እንክፈለው ብንል ምን ይሆናል? የማራገቢያ ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር ሲያድግ የሚከተለው የተለመደ ሕግ አለ፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። በአንድ ሦስተኛ ሲፈጥን ጭማሪው ስድስት ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ስሱ አየር ራሱ ድምፅን በሁለት ዴሲቤል ተኩል ያህል ይቀንስልናልና ወጪ ቀሪው አራት ገደማ ነው። ዐሥር ዴሲቤል ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንደሚሰማ ብናስታውስ፣ አራት ዴሲቤል በጸጥታ ሌሊት ልብ የሚባል ልዩነት ነው። የዛሬ ካርዶች ማራገቢያቸውን በሙቀታቸው መጠን ራሳቸው ስለሚቆጣጠሩ ይህን ክፍያ ሳይጠይቁን ይከፍሉታል። በአውሮፓ በተደረገ ፈተና «ጸጥተኛ» የተባለ ካርድ እዚህ ሲመጣ የሚጮኸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሻጩም አልዋሸ፣ ፈታኙም አልዋሸ።

ለሰርቨር ክፍሎች የሙቀት ወሰን የሚያወጣው አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ለተለመዱት የመሣሪያ ክፍሎች፣ ከ900 ሜትር በላይ ለሚኖረው ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ የተፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንዲቀንስ ያዝዛል። በ2,400 ሜትር አምስት ዲግሪ ይቀነሳል። በባሕር ወለል እስከ 35 ዲግሪ ይሠራል የተባለ መሣሪያ እዚህ ወሰኑ 30 ነው ማለት ነው። የቤት ኮምፒውተር መመሪያ ላይ ግን እንዲህ ያለ መስመር አይገኝም ማለት ይቻላል።

ሆኖም ተፈጥሮ በአንድ እጇ የነሣችንን በሌላው መልሳልናለች፤ አየራችን ስስ ቢሆንም ቀዝቃዛ ነው። ለንጽጽር ያህል በባሕር ወለል ለእያንዳንዱ ዋት 0.30 ዲግሪ የሚሞቅ ማቀዝቀዣ እንውሰድ። በ150 ዋት ከክፍሉ ሙቀት 45 ዲግሪ ከፍ ይላል። በእኛ ከፍታ ይኸው ማቀዝቀዣ ወደ 0.36 ቢደርስ ጭማሪው 54 ይሆናል። አሁን ክፍሉን ደምሩበት። በጅቡቲ 32 ዲግሪ በሆነ ሌሊት ካርዱ 77 ይደርሳል፤ በስድስት ኪሎ 18 ዲግሪ በሆነ ሌሊት 72 ላይ ይቆማል። ተሽለናል! ነገር ግን በበጋ ከቀትር በኋላ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ክፍሉ 28 ቢሆን ያው ካርድ 82 ይገባል። እንግዲህ ይህች ከተማ ለሌሊት ሠራተኛ የምታደላ ናት። ከባድ ስሌት የሚሠራ ተማሪ ሥራውን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቢያስጀምር ምንም ሳይገዛ ዐሥር ዲግሪ አተረፈ። ክረምት ሲሆን ደግሞ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ማንኛውንም ማራገቢያ ስለሚያስንቅ ጉዳዩ ራሱ ይረሳል።

ወደ ክፍሎቹ እንሂድ፤ ከቺፕሴት እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ትንሹ ነገር ነው ብዙ የሚጮኸው።

ቺፕሴት በማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ በፕሮሰሰሩና በሌሎቹ ክፍሎች መካከል የሚያገናኝ ነው። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ነበሩ፤ ለፕሮሰሰሩ የቀረበውና ይበልጥ የሚሞቀው ኖርዝብሪጅ ሲባል ሌላው ሳውዝብሪጅ ይባል ነበር። በኋላ የማስታወሻውና የግራፊክሱ መገናኛ ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለገባ አንድ ብቻ ቀረ፤ ሙቀቱም ቀነሰ። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ማራገቢያ ተገጥሞበት አይተናል። መጀመሪያ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. በወጡት እንደ ኤንፎርስ 4 ባሉት ቦርዶች ላይ፤ ሁለተኛ ደግሞ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0ን ይዞ ባወጣው ኤክስ570 ላይ። ይህ ቺፕሴት የሚያመነጨው ከ11 እስከ 15 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም አብዛኞቹ አምራቾች ትንሽ ማራገቢያ ጫኑበት። ሁለት ዓመት ቆይተው፣ በ2021፣ ኤክስ570ኤስ በሚል ስም ያለ ማራገቢያ፣ በሰፊ ብረት ብቻ አወጡት። ለእኔ ይህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው፤ ማራገቢያው የግድ ሳይሆን የብረት ቁጠባ ነበር።

የትንሽ ማራገቢያ ችግር በሦስት ይወለዳል። አንደኛ፣ ቅርጹ አንድ የሆነ ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው ይዘት ከስፋቱ ጋር በሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር የሆነው 120 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያህል ሊሠራ ቢፈልግ 27 እጥፍ መዞር ነበረበት። ያን ባይደርስም በደቂቃ 6,000 ዙር ለእርሱ የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ የድምፁ ቅጥነት ነው። ሰባት ክንፍ ያለው ማራገቢያ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 700 ጊዜ አየሩን ይመታል፤ ይህም የሰው ጆሮ በደንብ የሚሰማው የንግግር ክልል ነው። ትልቁ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ግን 93 ብቻ ነው፤ በ100 አካባቢ ጆሯችን ድምፁን 19 ዴሲቤል ያህል አሳንሶ ነው የሚቀበለው። ሦስተኛ፣ የትንሹ ማራገቢያ ዘንግ በዘይት በራሰ ቀላል ማቀፊያ ውስጥ ስለሚዞር ዘይቱ ሲደርቅና አቧራ ሲገባው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ የሚሰማው ያ የፌንጣ ድምፅ የእርሱ ነው። በመጨረሻም ይቆማል፤ ቺፕሴቱም የቆመ ማራገቢያ ተሸክሞ፣ ማራገቢያ ከሌለው ይልቅ በከፋ ሁኔታ ይሞቃል፤ የቆመው ማራገቢያ ከብረቱ ላይ የሚነሣውን አየር ይከድነዋልና።

መፍትሔው ማራገቢያውን አንሥቶ ረዘም ያለ ክንፍ ያለው ሙቀት በታኝ ብረት፣ በሱቅ ቋንቋ ሂትሲንክ፣ መተካት ነው። የኮሪያው ዛልማን በ47 ሚሊ ሜትር ቁመት ለኖርዝብሪጅ የሠራው ሰማያዊ ብረት በዘመኑ እጅግ የታወቀ ነበር። ነገር ግን ከፍታችንን አንርሳ። ማራገቢያ የሌለው ብረት የሚቀዘቅዘው በከፊል በጨረራ፣ በከፊልም አየር በላዩ ሞቆ ሲወጣ በሚፈጠረው ዝውውር ነው። ጨረራው በከፍታ አይቀየርም። ዝውውሩ ግን ከእፍግታው ካሬ ሥር ጋር ይቀንሳል፤ በእኛ ዘንድ 14 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። ለ10 ዋት ቺፕሴት፣ በዋት አራት ዲግሪ የሚለው ብረት በባሕር ወለል 40 ዲግሪ ቢጨምር፣ እዚህ ወደ 45 ገደማ ይጨምራል። የኬዙ ውስጥ አየር 32 ቢሆን 77 ላይ ነን። አምራቹ የጻፈው ወሰን ከዚያ በላይ እስከሆነ ድረስ የሚያሰጋ አይደለም።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ጸጥ ለማድረግ መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ይቀይራል። አሮጌው ወደ ታች ነበር የሚነፍሰው፤ ከፕሮሰሰሩ የተረፈው ነፋስ በማዘርቦርዱ ላይ ተበትኖ ቺፕሴቱንና የኤሌክትሪክ ማስተካከያ ክፍሎቹን ያቀዘቅዛቸው ነበር። አዲሱ እንደ ማማ የቆመው ወደ ጎን ይነፍሳል። ፕሮሰሰሩ ደስ አለው፤ ጎረቤቶቹ ግን ሳይታሰብ የነበራቸውን ነፋስ ተነጠቁ። በዚሁ ላይ የቺፕሴቱ ማራገቢያ ከተነሣ ሁለት እርምጃ በአንድ ጊዜ ሆነ። ስለዚህ ለውጡን አንድ በአንድ አድርጉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ማሽኑን ለአንድ ሰዓት አሠርታችሁ ሙቀቱን መዝግቡ። ረጅም ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ቺፕሴቱን ከላይ ሊሸፍነው ስለሚችል ብረት ከመግዛት በፊት ቁመቱን መለካት ግድ ነው።

በገጠማው ጊዜ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአንዳንድ ኖርዝብሪጆች ሲሊከን ያለ መከላከያ ክዳን እርቃኑን ነው። ብረቱን አዘንብሎ በአንድ ወገን የጫነ ሰው ጥግ ይሰብራል፤ ያ ቦርድ አይነሣም። አሮጌው ፔስት በአልኮል ይጠረግ፤ አዲሱ እንደ ስንዴ ቅንጣት ትንሽ ይሁን፤ ብረቱ በአራቱም ማዕዘን ተራ በተራ ይጠበቅ።

ግራፊክስ ካርዱ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል።

በጩኸቱ በታሪክ የተመዘገበው ካርድ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ ነው። ማቀዝቀዣው ከመጮኹ የተነሣ ተጠቃሚዎቹ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሲሉ ቀለዱበት፤ ኩባንያው ራሱ በቪዲዮ ቀልዱን እስከ መቀላቀል ደረሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት በሙቀት ቧንቧ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ነገሩን ለወጡት። የሙቀት ቧንቧ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ አየሩ የወጣለት፣ ጥቂት ውኃ የያዘ መዳብ ነው፤ ውኃው በሞቀው ጫፍ ይተናል፣ በቀዘቀዘው ጫፍ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፣ በግድግዳው ስስ ቀዳዳዎች ተስቦ ይመለሳል። ቧንቧው የታሸገ ስለሆነ የከተማው ከፍታ አይመለከተውም፤ የእኛ ቅናሽ የሚጀምረው ክንፎቹ ከአየሩ በሚገናኙበት ቦታ ብቻ ነው። ይህ ለምርጫችን ወሳኝ ነጥብ ነው። በእኛ ሁኔታ ገንዘብ መዋል ያለበት በክንፍ ስፋት ላይ ነው፤ በፈጣን ማራገቢያ ላይ አይደለም።

ከመግዛት በፊት ግን በነጻ የሚገኘውን ውሰዱ። የአንድ ቺፕ የኃይል ፍጆታ ከቮልቴጁ ካሬና ከድግግሞሹ ጋር ይሄዳል። ቮልቴጁን ዐሥር በመቶ ብትቀንሱ ፍጆታው 19 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ሳይነካ። ቮልቴጅ መነካካት ለማይሻ ደግሞ የኃይል ጣሪያን ዝቅ ማድረግ አለ። በዊንዶውስ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር፣ በሊኑክስም ኤንቪዲያ ከነጂው ጋር የሚሰጠው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ይህን ያደርጋሉ። አብዛኛው ካርድ ከፋብሪካ የሚወጣው የመጨረሻዋን ጥቂት በመቶ ፍጥነት ለመጭመቅ ብዙ ዋት እንዲያባክን ተደርጎ ነው። ስለዚህ ጣሪያውን ወደ 75 በመቶ ያወረደ ሰው የሚያጣው ፍጥነት ከቆረጠው ኃይል እጅግ ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። 170 ዋት የነበረው 128 ሆነ ማለት ከከፍታችን የተነሣ ያጣነውን ሩብ በሞላ መልሰን አገኘን ማለት ነው። ዩፒኤስ ላለውም መብራት ሲጠፋ የምትተርፈው ደቂቃ ትረዝማለች። እኔ ለተማሪ ከምመክረው ሁሉ ይህ ይቀድማል፤ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ካልተስማማውም ማሽኑን አስነሥቶ መመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ኬዙ ነው። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል አጋጣሚ አለ። 140 ሚሊ ሜትር የሆነ ማራገቢያ፣ የክንፉ ጫፍ ፍጥነት ከ120ው ጋር እኩል ሆኖ ሲዞር፣ 36 በመቶ ተጨማሪ አየር ይገፋል። ከላይ ያሰላነው የከፍታ ዕዳ 33 በመቶ ነበር። ስለዚህ የባሕር ወለል መጽሔት «ሁለት ባለ 120 ይበቃሉ» ሲል እኛ «ሁለት ባለ 140» ብለን እናንብበው፤ ኬዙ የሚቀበል ከሆነ። የማይቀበል ከሆነ ቁጥር ጨምሩ እንጂ ፍጥነት አትጨምሩ፤ ሁለተኛ እኩል ማራገቢያ ድምፁን በሦስት ዴሲቤል ብቻ ሲያሳድግ የአንዱን ፍጥነት ማጠፍ ግን በ15 ያሳድጋል። ሁለት ማራገቢያ ተቀራራቢ ግን እኩል ባልሆነ ፍጥነት ሲዞሩ የሚፈጠረው ከፍ ዝቅ የሚል እንጉርጉሮ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ እንቅልፍ ይነሳል፤ በአንድ መስመር አገናኝቷቸው።

አቧራ። በ2024 እ.ኤ.አ. ፒያሳና አራት ኪሎ ፈርሰው ሲሠሩ ላየ ለዚህ ጉባኤ ስለ አቧራ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የገባው አየር በስስ መረብ ይጣራ፤ ወደ ውስጥ የሚነፍሱት ከሚያስወጡት ትንሽ ይብዙ፣ አቧራው በየስንጥቁ እንዳይሳብ። መረቡ በየወሩ ይታጠብ። የተደፈነ መረብ ያለው ጸጥተኛ ኮምፒውተር ለሁለት ሳምንት ብቻ ጸጥ ይላል።

ሦስተኛው የካርዱን ማቀዝቀዣ ራሱን መቀየር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። እንደ አርክቲክ ያሉ ኩባንያዎች ለብቻው የሚሸጥ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሠርተዋል፤ በአሮጌ ካርድ ላይ ውጤቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ሰው የሚያየው የዋናውን ቺፕ ሙቀት ብቻ ሲሆን በዙሪያው ያሉት የማስታወሻ ቺፖች ይረሳሉ። እንደ አርቲኤክስ 3080 ባሉት ካርዶች ላይ ያለው ጂዲዲአር6ኤክስ ማስታወሻ 110 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል፤ ዋናው ቺፕ ግን በዚያው ሰዓት 70 ላይ ሆኖ «ሁሉ ደህና ነው» ሊል ይችላል። በማስታወሻውና በብረቱ መካከል ያለው ለስላሳ ንጣፍ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከተሳሳተ ወይ ማስታወሻው ብረቱን አይነካም፣ ወይ ዋናው ቺፕ ይንሳፈፋል። የአሮጌውን ንጣፍ ውፍረት ሳይለኩ አዲስ መግዛት አይገባም።

ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ካቆመ ወዲህ ብዙ ካርዶች ወደ ሁለተኛ ገበያ ወጥተዋል። ሌት ተቀን የሠራ ካርድ ሲሊከኑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የሚያልቀው ማራገቢያው፣ ፔስቱና ንጣፉ ነው። ማራገቢያውን በጣት ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ቢያንገራግር ወይም ወደ ጎን ቢነቃነቅ ከዋጋው ይቀነስ።

ፈጽሞ ማራገቢያ የሌላቸው ካርዶችም አሉ። ፓሊት ካልምኤክስ በሚለው መስመሩ 75 ዋት የሚፈጀውን ጂቲኤክስ 1650 ያለ ማራገቢያ አውጥቶታል። ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ያጓጓል። የእኔ ፍርድ ግን በዚህ ከፍታ ለጉዳዩ መሐል መንገድ ይሻላል የሚል ነው፦ ትልቅ ብረት ያለው፣ ቀለል ያለ ሥራ ሲሠራ ማራገቢያውን ራሱ የሚያቆም፣ ከ50 ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ብቻ የሚያስነሣ ካርድ። ስትቀዱ ካርዱ ሥራ ፈት ነውና ዝም ይላል፤ ስታሠለጥኑ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ማይክሮፎን የለም።

ጥያቄ ካላችሁ ጊዜ አለን። 

[ከተሰብሳቢው፦ ሃርድ ዲስክስ ከፍታው አይጎዳውም ወይ?]

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሃርድ ዲስክ መንበቢያ በዲስኩ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው፤ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከወሰኑ በታች ናት። እንጦጦ አናት ላይ ግን ወሰኑን ልትነኩ ትችላላችሁ። ኤስኤስዲ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም፤ ድምፅም የለውም።

[ከተሰብሳቢው፦ ላፕቶፕ ብቻ ያለን ምን እናድርግ?]

ያው ሕግ ነው፤ ቦታው ጠበበ እንጂ። የኃይል ጣሪያውን አውርዱ። ከኋላው በሁለት ክዳን ጠርሙስ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ከሥሩ አየር እንዲገባ። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አይቀመጥ። ሲቀዳ ደግሞ ማይክሮፎኑ ከማራገቢያው መውጫ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ወደ አፍ አንድ ስንዝር ይቅረብ፤ ከአፍ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ንግግሩ በስድስት ዴሲቤል ያህል ከጫጫታው በላይ ከፍ ይላል፤ ከፍታው የወሰደብን አራት ገደማ ነበር።